የአስታማሚ ቃል

ቁጥራቸው ሰማንያ ሰባት ነበር፤ ሰሌዳው ገና ስልሳ አራት ይላል። ዘምዘም ይማም ወንድሟን በግድግዳው በኩል አስቀምጣ እሷ በመውጫው በኩል ተቀመጠች። ድንገት ልሂድ ብሎ ቢነሳ በእሷ ጉልበት ላይ ተራምዶ ማለፍ አለበት፤ የእሷን ጉልበት ደግሞ ያውቀዋል።

የአእምሮ ሕመም መለያ ጣቢያው ድሮ የጫኝና አውራጅ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ የሚጭንም የሚያወርድም ሰው ሲጠፋ ቤቱን በችፑድ ከፋፈሉና ዘጠኝ ክፍል አወጡለት፤ በየክፍሉ ወንበርና አድማጭ የሚባል አንድ አንድ ማሽን አስገቡ። ችፑድ ወሬ አይይዝም። ስለዚህ የውስጡ ንግግር ውጭ እንዳይሰማ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ የዝናብ ድምፅ ይለቀቃል። በጋ ከክረምት ይዘንባል። ከዚያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ውጭው ፀሐይ ነው። በሚቀጥለው ጊዜም ያው ነው፤ ቀና ይላል።

አሠራሩን የማያውቅ የለም። ገብተህ ለአድማጩ ትናገራለህ፣ ስትወጣ ወረቀት ይሰጥሃል። አረንጓዴ ከወጣልህ ቤትህ ሄደህ በስልክህ ከዚያው ከአድማጩ ጋር ማውራትህን ትቀጥላለህ። ቢጫ ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነርስ ታይሃለች፤ ሰው የሆነች ነርስ። ቀይ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ፊት ትቀርባለህ። ከተማው ከነገጠሩ ያለው የአእምሮ ሐኪም ሁለት ነው፤ ቀይ የደረሰው ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ወረፋው በቅናት ያየዋል።

ወንድሟ እንድሪስ ቀለም የለውም። ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ አርባውን ደቂቃ ዝም ብሎ ወጥቷል፤ ሁለቱም ጊዜ የተሰጠው ነጭ ወረቀት ነው። «አልተለየም» ይላል። ሦስተኛ ነጭ ከመጣ ፋይሉ ይዘጋል፣ የተዘጋ ፋይል ደግሞ ዓመት ሳይሞላ አይከፈትም። ዛሬ ሦስተኛው ነው።

ዘምዘም ዓመት እንደሌላት ታውቃለች። ባለፈው ወር እንድሪስ የቆዳ ጃኬቱን ለበር ጠባቂው ሰጠ። ከዚያ ሰዓቱን ለአጎታቸው ልጅ ሰጠ፤ ቀጥሎ አዲሱን ጫማውን፣ ቀጥሎ ከሞተችው እናታቸው የቀረውን ብርድ ልብስ። ሰፈሩ «እንድሪስ እንዴት ደግ ሆነ!» አለ። መስጊድ ላይ ሳይቀር ተመሰገነ። ዘምዘም ብቻ አንድ ሰው ንብረቱን እንዲህ በልኩ በልኩ የሚያድለው የት ሊሄድ ሲል እንደሆነ ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አልገባችም። ሥራዋ የልብስ ፋብሪካ ነው። እዚያ ማሽን ይሰፋል፣ ሌላ ማሽን ስፌቱን ይመረምራል፣ ዘምዘም የመርማሪውን ማሽን መነጽር በጨርቅ ትወለውላለች። «ያለ እኔ ዕውር ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው።

«ወንድምሽ ነው?» አሏት አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ። እትዬ ደብሪቱ ይባላሉ፤ በርበሬ ተራ ሱቅ አላቸው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ።

«ወንድሜ ነው።»

«ምን ሆኖ?»

«መኪናውን ነጥቀውት። ሾፌር ነበር።»

«አብሽሪ። ይናገርና ይቀለዋል። እኔ እኮ ለሰው ሐኪም አልናገርም ነበር። አንዷ ጋ ሄጄ ገና አፌን ስከፍት ‹የነሐጂ ዑመር ጎረቤት አይደሉም?› ብላኝ ቁጭ! ወገቤን ነው የሚያመኝ ብዬ ማስታገሻ ይዤ ወጣሁ። ይሄኛው ዘመድ የለው፣ ሰፈር የለው። ሳለቅስ እንኳ አይዞሽ ብሎ አያቋርጠኝም።»

«አይዞሽ የማይል ነገር ከፈለጉ የቤትዎ ግድግዳ ምን አጠፋ?» አሉ ከፊት ወንበር የዞሩ ሽማግሌ። ጋሽ ንጋቱ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፤ ክራቫት አስረዋል።

«ግድግዳዬ ወረቀት አይሰጠኝማ!»

«እኔን ይኸው አራት ጊዜ ሰጠኝ። አራቱም አረንጓዴ። ‹አቶ ንጋቱ፣ ያለብዎት ብቸኝነት ነው› ይለኛል። ይሄንንማ እኔም አውቄዋለሁ! ለብቸኝነቴ ምን እንዳዘዘልኝ ታውቃላችሁ? ከሱ ጋር እንድጫወት።» ዘምዘምን ዳኛ እንድትሆን አዩዋት። «እኔ ሃያ ደቂቃ ሰው ፊት መቀመጥ ነው የፈለግሁት፤ ፊቱ የሚደክመው ሰው። ይሄ ነውር ነው?»

«ነውር የለውም ጋሼ» አለች ዘምዘም።

«ስለዚህ ዛሬ እዋሻለሁ። ድምፅ ይሰማኛል ልለው ነው።»

«ምን የሚል ድምፅ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«እሱን ገና እያሰብኩበት ነው።»

ዘምዘም ፈገግ ብላ ወንድሟን ሰረቅ አድርጋ አየችው። እንድሪስ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሰሌዳውን ያያል። ሰሌዳው ስልሳ ዘጠኝ፣ ሰባ፣ ሰባ አንድ አለ። ጋሽ ንጋቱ ክራቫታቸውን አጥብቀው ገቡ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አረንጓዴ ወረቀት ይዘው ተመለሱ።

«ምነው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ድምፁ ምን ይመስላል አለኝ።»

«እሺ?»

«ተደናገርኩ። ዝናብ አልኩት።»

እትዬ ደብሪቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሽማግሌው ግን እንደቆሙ ቀሩ፤ ወረቀቱን አራት አጥፈው ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ እጃቸው ኪሱን ሳተ። እትዬ ደብሪቱ ይህን አዩና ሳቃቸውን ዋጡ። የዘምዘምን ቦርሳ ወደዚያ ገፋ አድርገው ወንበር ለቀቁላቸው።

«ይቀመጡ እንጂ። ተራዬ ገና ነው። ፊቴ እንደሁ ከጧት ጀምሮ ደክሟል።»

ጋሽ ንጋቱ ተቀመጡ። ምን ምን እንዳወሩ ዘምዘም አልሰማችም፤ ሰሌዳው ሰማንያ ሰባት ብሎ ነበር።

በሩ ላይ ጥበቃው አቆማት። «ለሦስተኛ ጊዜ ለመጣ ታማሚ አስታማሚም አብሮ ይገባል። ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ የአስታማሚ ቃል ይመዘገባል እንጂ ቀለም አይለውጥም። ቀለሙ የሚወጣው እሱ ሲናገር ነው።»

«እኔና እሱ አንድ ነን» አለች ዘምዘም።

«እሱን ለአድማጩ ንገሪው።»

አድማጩ መልክ የለውም። ግድግዳው ላይ ሰሃን የምታህል ክብ ግራጫ ጨርቅ ተወጥራለች፣ ያ ብቻ ነው። ዘምዘም የጨርቁን ጠርዝ በዓይኗ መረመረችና ስፌቱን ናቀችው። እንድሪስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እሷ ከጀርባው ቆመች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ እንድሪስ። እንዴት አደሩ?»

«ደህና አላደረም» አለች ዘምዘም።

«አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ዘምዘም። ጥያቄው ለአቶ እንድሪስ ነበር።»

«እሱ አይናገርም።»

«እጠብቃለሁ።»

«እኛ ሰባት ወር ጠብቀናል። አንተ ስንት ልትጠብቅ ነው?»

«አርባ ደቂቃ። አቶ እንድሪስ፣ ምግብ ይበላሉ?»

«ግማሽ እንጀራ! እሱንም ቆሜበት ነው።»

«ይህ ተመዝግቧል። ጥያቄው ለአቶ እንድሪስ ነበር።»

«ታዲያ ማን መሰለህ የሚያበላው? እኔ ሳላውቅ ማን ሊያውቅልህ ነው?»

«እንቅልፍስ እንዴት ነው፣ አቶ እንድሪስ?»

«እሱማ ይተኛል፤ የማልተኛው እኔ ነኝ። በሩን ከፍቼ ትንፋሹን ስቆጥር ነው የሚነጋብኝ። ከቆጠርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። በመስኮቱም በጓዳውም ያለውን ሁሉ…» ንግግሯን አቋረጠች። ስለታም ነገር ሁሉ ለምን እንደሰበሰበችና የት እንደደበቀች በወንድሟ ፊት ተናግራ አታውቅም።

በሱ ፈንታ መናገር የጀመረችው ዛሬ አይደለም። እናታቸው ስትሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እሱ አራት። ትምህርት ቤት «ስምህ ማነው?» ሲሉት «እንድሪስ ነው» ያለችው እሷ ናት። ሾፌርነት ሲቀጠር «ልምድ አለህ?» ሲሉት «ሞልቶታል» ብላለች። ሚስት ሊያጩለት የሄዱት ሽማግሌዎች «ልጁስ ምን ይላል?» ቢሉ «ደስ ብሎታል» አለች፤ ትዳሩ ሁለት ዓመት ቆየ። ክፉ አስባ አይደለም። ልጁ ቀስ ብሎ ነው የሚናገር፣ ሰው ደግሞ አይጠብቅም፤ ስለዚህ እሷ ትቀድማለች።

በግድግዳው ሰዓት ሃያ ሁለት ደቂቃ አልፏል። ዘምዘም ደቂቃው እንደ ውሃ ሲያልቅ ታያት፤ ቀለም ባይለውጥም ቃሏን ሁሉ ልታፈስስ ወሰነች።

«ስማ» አለችው ጨርቁን። «ነገሩ የጀመረው መኪናውን ሲነጥቁት ነው። አሥራ አንድ ዓመት የጅቡቲን መንገድ ነድቷል፣ አንድ ቀን ሳይገለበጥ። መኪኖቹ ያለ ሰው መሄድ ሲጀምሩ ከመሪ ላይ አስነስተው መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት ጎለቱት። አሥራ ስምንት መኪና ጠብቅ አሉት። ሾፌር መሪ ካልያዘ ምን ቀረው? ያንን መኪና ከሚስቱ አስበልጦ ነበር የሚወደው። መኪናው ሲሄድ ልቡም አብሮ ሄደ። መኪናው ነው፤ ሌላ የለም። መኪናው…»

«መኪናው አይደለም።»

ዘምዘም ሌላ ሰው የገባ መስሏት ወደ በሩ ዞረች።

«መኪናው አይደለም» አለ እንድሪስ ደግሞ። ድምፁ ዝጓል። «ለሁሉም ሰው መኪናው ትያለሽ። ለእድሩ መኪናው። ለኢማሙ መኪናው። ለእትዬ ደብሪቱ መኪናው። ወገቤን የገደለኝ መኪና! ከሱ ስወርድ ሁለት ረከዓ ሰግጃለሁ እኮ።»

«ታዲያ ለምን እስከዛሬ…»

«ወይዘሮ ዘምዘም» አለ አድማጩ። ሌላ አልጨመረም። ዘምዘም አፏን ዘጋች፤ ለምን እንደታዘዘችው በኋላም አልገባትም።

«አቶ እንድሪስ፣ መኪናው ካልሆነ፣ ያስጨነቀዎት…»

«ቁም!» አለ እንድሪስ።

አድማጩ ቆመ።

ከችፑዱ ማዶ ያ ዝናብ ይወርዳል። ግማሽ ደቂቃ አለፈ። አንድ ደቂቃ አለፈ። እንድሪስ ወደ ጨርቁ ጎንበስ ብሎ፣ የጠፋ ሞተር እንደሚያዳምጥ ሰው ጆሮውን ሰጠ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። ከሰባት ወር ወዲህ ዓይኗን በዓይኑ አይቷት አያውቅም ነበር።

«እታለም» አለ፣ «ቆመ እኮ።»

«ቆመ» አለች ቀስ ብላ፤ ምኑ እንደሚደንቅ ግን አልገባትም።

እንድሪስ መናገር ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፣ እንደ ልማዱ፣ ቃል ከቃል አራርቆ፤ ማንም አልቀደመውም።

«በረሃው ላይ ነው። ከሚሌ ወዲያ። ጀሪካን ገልብጦ ለሚያሳይ ሰው ይቆማል፤ የሾፌር ሕግ ነው። የተገለበጠ ጀሪካን ውሃ የለኝም ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስነዳ ጀሪካን ያነሳ ሰው አልፌ አላውቅም። አንድ ቀን በስክሪኑ አንድ ሽማግሌ አየሁ። ሁለት ግመል አለው፤ አንዷ ተኝታለች። ጀሪካኑን ገልብጦ አነሳው። ለመኪናው አይደለም ያነሳው፤ ሰው አለበት ብሎ ነው። ቁም የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ‹መንገዱ ክፍት ነው፣ ጉዞው ይቀጥላል› አለኝ የማሽኑ ድምፅ። ዘጠኝ ጊዜ ተጫንኩ። አሥራ ስምንት መኪና ነው፣ ተከታትሎ ነው የሚያልፈው። በአሥራ ስምንቱም ዓይን አየሁት። ለአሥራ ስምንቱም ጀሪካኑን አነሳ።»

ዘምዘም የወንበሩን ጀርባ ያዘች።

«ለአለቃዬ ነገርኩት። ‹ከመንገዱ ወጣ ያለ ነገር እኛን አይመለከትም› አለኝ። በማግስቱ በዚያው ስናልፍ ጀሪካኑ መንገድ ዳር ወድቋል። ሰውዬው የለም። ግመሎቹም የሉም። ሰው ደርሶለት ይሁን፣ ምን ይሁን፣ አላውቅም። ጀሪካኑ ግን ከሥራው እስከወጣሁበት ቀን እዚያው ነበር። በየቀኑ አሥራ ስምንት ጊዜ አየው ነበር። ለማን ልናገር? እዚህ ስመጣ ደግሞ ያው ድምፅ መሰለኝ። ብናገር የማይቆም።»

«እየሰማሁዎት ነው» አለ አድማጩ። ጥቂት ቆይቶ ቀጠለ። «ከባድ ጥያቄ ልጠይቅዎ ነው። ሲበቃዎ ቁም ይበሉኝ፣ እቆማለሁ። መሞትን ያስባሉ?»

ይህቺን ጥያቄ ዘምዘም ሰባት ወር ሙሉ ከቤቷ ስታባርራት ኖራለች። ጎረቤት ወደዚያ ሲያዘነብል ወሬ ትለውጣለች። ራሷም ጠይቃው አታውቅም፤ ከጠየቅሁት አስታውሰዋለሁ ብላ ፈርታ። እጇ የወንድሟን ትከሻ ያዘ። አይደለም ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር።

«አዎ» አለ እንድሪስ።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከረመዳን ወዲህ።»

«ዛሬስ?»

እንድሪስ አሰበበት። የምር አሰበበት፤ ሂሳብ እንደተጠየቀ ሰው ግንባሩን ቋጠረ። «ጧት አዎ። አሁን… አሁን እንጃ። አሁን ጠማኝ።»

ከዚያ ተነፈሰ። እዚያ ቤት ድሮ ኩንታል ከትከሻቸው ሲያወርዱ የነበሩት ሰዎች እንደሚተነፍሱት ዓይነት ረጅም ትንፋሽ ነበር፣ ዘምዘም መዳፏ ሥር ትከሻው ሲወርድ ተሰማት። ጠይቆት አልሞተም። ሰባት ወር የፈራችው ጥያቄ በሁለት ቃል መጥቶ፣ ተመልሶ፣ ሄዷል፤ ወንድሟ ውሃ ጠማኝ ይላል።

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለ አድማጩ። «የኔ ሥራ መለየት ነው፤ ማዳን አልችልበትም። ከዚህ በኋላ ያለውን ሰው ይስማዎት። ሐኪሟ በዚህ ሰዓት ነጻ ናት፤ ብቻዎን አይቆዩም።»

ከግድግዳው ሥር ወረቀት ወጣ። ቀይ ነው። ዘምዘም በሕይወቷ እንደዚያ ያማረ ቀለም አይታ አታውቅም። ልታነሳው ጎንበስ ስትል ሌላ ወረቀት ተከትሎ ወጣ፤ ቢጫ።

«ይሄ ደግሞ የማነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«የኔ? እኔ ምን ሆኜ!»

«ስለ አቶ እንድሪስ እንቅልፍ ስጠይቅ የነገሩኝ ስለራስዎ ነበር። ካልፈለጉ ይቅደዱት፤ ማንም አይጠይቅዎትም።»

«እቀደዋለሁ እንጂ!» አለች ዘምዘም። «አፍህን እዚያው ስፌቱ ከተበላሸው ጨርቅህ ጋር…» ምን እንደምትለው ጠፋት። ወረቀቱን ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ጥበቃው ቀዩን ወረቀት ሲያይ ወዲያው ከወንበሩ ተነሳ። ለእንድሪስ ውሃ በኩባያ አመጣለት፤ እንድሪስ ቆሞ ጠጣው፣ ደግሞ ጠየቀ። እትዬ ደብሪቱ ተራቸውን አሳልፈው ከጋሽ ንጋቱ ጋር ክርክር ይዘዋል። ሽማግሌው ክራቫታቸውን አላልተው የበርበሬ ዋጋ በዓመት ስንት እጅ እንደጨመረ ወረቀታቸው ጀርባ ላይ በእርሳስ ያሳዩዋቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ አይደለም ይላሉ። የሃያው ደቂቃ ነገር ከተረሳ ቆይቷል።

በኮሪደሩ ጫፍ ያለው የእንጨት በር ተከፈተ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ጋውኗ እጅጌ ላይ የቀለም ነጠብጣብ አለ። የቀዩና የቢጫው ወረቀት ግልባጭ በአንድ ቤተሰብ ስም ስለደረሳት እህትና ወንድሙን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ታማሚው ማንኛችሁ ነው?»

ዘምዘም አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው፤ ማስነጠስ የማፈን ያህል አመማት።

እንድሪስ እህቱን ከላይ እስከ ታች አያት። ሻሿ ወደ ጆሮዋ ወርዷል፤ ኩሏ ጉንጯ ላይ ሁለት መንገድ አውጥቷል፤ የቀኝ ጫማዋ መቼ እንደወለቀ የሚያውቅ የለም።

«በመልክ እሷ ናት» አለ። «ተራው ግን የኔ ነው።»

ሐኪሟ ሳቋን ለመደበቅ ወረቀቱን አየች። «አስታማሚም መግባት ትችላለች፣ ከፈለግህ።»

«እሷ ከገባች እኔ ምን ላወራ?»

ገባ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ፤ ከውስጥ ወንበር ሲሳብ፣ ሐኪሟ አንድ ነገር ስትጠይቅ፣ የወንድሟ ድምፅ ቀስ ብሎ ሲመልስ ተሰማት። ምን እንዳለ ዝናቡ ሸፍኖባታል። ልታዳምጥ ጆሮዋን ዘንበል አላደረገችም።

ኮሪደሩ ውስጥ በአንድ ጫማ እንደቆመች ሳቅ ያዛት። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፣ ከዚያ በሆዷ፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ አንዴ ስታቆም «በመልክ እሷ ናት» ትልና እንደገና ይጀምራታል። ወረፋው በሙሉ ዞሮ አያት። ሰሌዳው ዘጠና አንድ አለ። ዘጠና አንድ ቁጥር የያዘው ጎልማሳ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ፤ ዘምዘምን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ደግሞ ዘምዘምን አየ።

«የኔስ ይደርሳል» አለ ለጥበቃው። «ይቺን አስቀድሟት።»